«ፏ» ከዓባይ ዳር እስከ አጠና ተራ

ከኮልፌ ቀራንዮ የሚነሣ ሰው ትልቅ ፏፏቴ ለማየት ሩቅ መንገድ አለበት። ዱሩን በስም ለማየት ግን ታክሲ መሳፈር ይበቃዋል። ረዳቱ «ወይራ! ወይራ!» ሲል በአንድ ወቅት ጥላ ይሰጥ የነበረውን ዛፍ ይጠራል። «ካራ ቆሬ» ሲል በአፋን ኦሮሞ «ካራ» በር፣ «ቆሬ» እሾህ መሆኑን ላያስበው ይችላል። በአምቦ መንገድ ትንሽ ራቅ ሲሉ ከተማዋ ውሃ የምትቀዳበት ገፈርሳ ይገኛል፤ ገፈርሳ ጎሽ ነው። ዛሬ በግድቡ ዳር ጎሽ የሚጠብቅ ሰው የለም፣ ስሙ ግን ከነቀንዱ ቆሟል።

አጠና ተራ የዚሁ ታሪክ ሌላ ገጽ ነው። አጠና ለቤት ግድግዳና ለአጥር የሚቆረጠው ቀጭን የባሕር ዛፍ ግንድ ሲሆን፣ ባሕር ዛፍ ራሱ በስሙ የውጭ አገር ሰው ነው። በአፄ ምኒልክ ዘመን ከአውስትራሊያ የመጣው ተክል የራሱን ስም ይዞ አልገባም። ሕዝቡ ያወቀው ባሕር ተሻግሮ መምጣቱን ብቻ ነበርና «የባሕር ዛፍ» አለው፤ ኋላ «የ» ተንጠባጥባ ቀረች። እንግዲህ በአንድ ክፍለ ከተማ ውስጥ ወይራ ሰፈር የነበረውን፣ አጠና ተራ የተተካውን ዛፍ ይመሰክራሉ። ቀራንዮ ደግሞ ከሁሉም ሩቁ ነው። በመድኃኔዓለም ቤተ ክርስቲያን በኩል የደረሰን ይህ ስም በግሪክኛ «ክራኒዮን»፣ ማለትም የራስ ቅል ነው፤ ሐኪሞች ለራስ ቅል የሚሰጡት የላቲን ስምም ከዚያው ይወለዳል። የግሪክኛው «ክ» በግእዝ «ቀ» መሆኑ የተለመደ ሕግ ነው፤ ቄሳርና ቆሮንቶስ በዚያው በር ገብተዋል።

ኮልፌንስ? በአፋን ኦሮሞ «ኮልፌ» ሲባል «ሳቀ» ማለት ነው። የድምፅ መመሳሰል ብቻውን ግን ማስረጃ አይሆንምና እዚህ ላይ ሥርወ ቃልን የሚወድ ሰው ምላሱን መያዝ አለበት፤ ብዙ የሰፈር ስም ትርጓሜ የተበላሸው በዚህ ነው።

ወደ ፏፏቴው እንሂድ። ቃሉን ያለ መዝገበ ቃላት ለመፍታት ጆሮ ይበቃል። ብዙ ውሃ ድንገት ሲለቀቅ የሚሰማው «ፏ» ነው። አማርኛ እንዲህ ያለውን ድምፅ ወደ ግሥ የሚለውጥበት የራሱ ብልሃት አለው፤ ድምፁን ያስቀድምና «አለ»ን ያስከትላል። ዝም አለ፣ ብድግ አለ፣ ከች አለ፣ ፏ አለ። ለውሃ ብቻ ያሉትን ብንቆጥር አንድ ሙሉ ወንዝ ከምንጩ እስከ ገደሉ ይወጣናል፦ ጠብ ይላል፣ ቡልቅ ቡልቅ ይላል፣ ኮለል ብሎ ይወርዳል፣ ዥው ይላል፣ በመጨረሻም ፏ ይላል። በእነዚህ ቃላት መካከል ያለው ልዩነት የመጠን ብቻ አይደለም። «ኮለል» ጥራትን ይነግራል፣ «ቡልቅ» ከታች የሚገፋ ነገር መኖሩን ያሳውቃል፣ «ፏ» ደግሞ ገደብ መነሣቱን ነው። ፈንድቶ የሚያፈስ ቧንቧና ከገደል የሚወርድ ወንዝ በመጠን ባይገናኙም አንድ ድምፅ የሚጋሩት ለዚህ ይመስለኛል።

አንዴ ፏ ያለው ቢያባራ ያባራል፤ ሲደጋገም ግን ማብቂያ የለውም። ስለዚህ «ፏፏ»። መደጋገም በአማርኛ የማያቋርጥ ነገር ምልክት ነው፦ ኳኳ፣ ጫጫ፣ ሿሿ። ከእነዚህ ኳኳታና ጫጫታ ወጥተዋል፣ ሁለቱም የድምፅ ስሞች ናቸው። ፏፏቴ ግን በ«ታ» ፈንታ «ቴ»ን ይዞ ከድምፅነት ወደ ቦታነት ተሻግሯል። «ፏፏቴውን ሰማሁት» ስንል ድምፁን፣ «ፏፏቴው ጋ ደረስኩ» ስንል ገደሉን፣ «ፏፏቴው ቀነሰ» ስንል ውሃውን እንላለን። አንድ ቃል ሦስቱንም ይሸከማል። ታናሽ እኅቱ ሿሿቴ ዝቅ ላለው፣ በድንጋይ ላይ ተንሸራቶ ለሚወርደው ውሃ ይነገራል፤ «ሿ» ከ«ፏ» ይልቅ ለስለስ ያለ፣ በጥርስ መካከል የሚያልፍ ነውና።

የሁለቱ እኅትማማቾች የከተማ ሕይወት ከገጠሩ ይበልጥ ያስገርማል። አዲስ አበባ ውስጥ «ፏ ብለሃል!» የተባለ ሰው ውሃ አልፈሰሰበትም፤ አምሮበታል፣ ደምቋል፣ ዘንጧል። መንገዱ ሩቅ አይደለም፤ ገደብ የተነሣለት ውሃ እንደሚፈነጥቅ ሁሉ ገደብ የተነሣለት አለባበስም ይፈነጥቃል። ብርሃን ቦግ እንደሚለው ልብስ ፏ ይላል። ሿሿ ግን የወደቀችበት ቦታ ሌላ ነው። ዛሬ በመዲናዋ «ሿሿ ተሠራሁ» የሚል ሰው በሚኒባስ ውስጥ ተሳፋሪ መስለው የተቀመጡ ሌቦች ግርግር ፈጥረው ኪሱን አራግፈው እንዳወረዱት እየነገረን ነው። ከአየር ጤና እስከ መርካቶ ቃሉን የማያውቅ የለም። ከኪስ ፈስሶ ለሚቀር ገንዘብ ከዚህ የተሻለ ድምፅ ባላገኝለትም፣ የወንዝ ድምፅ የሌባ ስም ሆኖ መቅረቱ ቅር ይለኛል።

ግእዝስ ፏፏቴን ምን ይለዋል? «አስራብ»። ዳዊት የደገመ ሁሉ ቃሉን ያውቃል፣ ምክንያቱም በ41ኛው መዝሙር ቀላይ ቀላይን በሚጠራበት ቦታ ይገኛል። በአማርኛው መጽሐፍ ቅዱስ በዚያው ስፍራ የተተካው ፏፏቴ ነው። ፏፏቴ የአማርኛ የራሱ ቃል መሆኑን የፊደላችን ታሪክም ይደግፋል። የግእዝ ጥንታውያን ድቅል ፊደላት ቈ፣ ኈ፣ ኰ እና ጐ ከነዘሮቻቸው ናቸው፤ ሁሉም ከጉሮሮ አካባቢ ይወጣሉ። ፏ፣ ሿ፣ ቷ፣ ሏ የመሰሉት ግን በአማርኛ ምክንያት የበዙ ናቸው። አማርኛ ለፏፏቴ ስም ሲያወጣ ከግእዝ አልተበደረም፣ ራሱ ሰምቶ ጠራው እንጂ። የቤተ ክርስቲያን ተማሪ አስራብን በብራና ያነበበው ፏፏቴን በዓይኑ ከማየቱ በፊት ሊሆን ይችላል፤ እረኛው ደግሞ አስራብ የሚለውን ሰምቶ ሳያውቅ በፏፏቴው አጠገብ ያድጋል።

ከሁሉ የሚበልጠው ፏፏቴያችን ግን በድምፁ አልተጠራም። ከባሕር ዳር ወደ 30 ኪሎ ሜትር ያህል ወንዙን ተከትሎ የሚገኘው፣ ወደ 45 ሜትር ከፍታ ያለው፣ በክረምት እስከ 400 ሜትር የሚሰፋው ፏፏቴ ስሙን ያገኘው በዓይን ነው፦ ጢስ ዓባይ። ውሃው ከገደሉ ግርጌ ሲመታ የሚነሣው ጉም ከሩቅ ሲታይ ጢስ ይመስላል። አፍሪካ ውስጥ ይህን ያስተዋልነው እኛ ብቻ አይደለንም። በዛምቤዚ ወንዝ ላይ ያለውን ታላቅ ፏፏቴ የአካባቢው ሰዎች «ሞሲ ኦዋ ቱንያ»፣ የሚያጓራ ጢስ፣ ሲሉት ኖረዋል። በ1855 እ.ኤ.አ. ሊቪንግስተን ደርሶ በንግሥቲቱ በቪክቶሪያ ስም ጠራው። የእኛው ግን ስሙን ያስቀየረው እንግዳ አልመጣም።

«ጢስ» የሚለውን ቃል እንየው። ዛሬ አብዛኞቻችን «ጭስ» እንላለን። አማርኛ በግእዝ «ጢ»፣ «ቲ»፣ «ዲ» የነበሩትን እያለሰለሰ «ጭ»፣ «ች»፣ «ጅ» የማድረግ የቆየ ልማድ አለው። ከፈተ ብሎ ከፋች፣ ቆረጠ ብሎ ቆራጭ፣ ወደደ ብሎ ወዳጅ የምንለው በዚህ ሕግ ነው። ጢስም ጭስ የሆነው በዚሁ መንገድ ሲሆን የቦታው ስም ግን አልተከተለም። የቦታ ስም ከተራ ቃል ይልቅ ግትር ነው። ማእድ ቤቱ ውስጥ ጭስ፣ ከገደሉ ላይ ጢስ።

ስሙን በሌሎች ቋንቋዎች የተረጎሙት ሰዎች አብዛኛውን ጊዜ «የዓባይ ጢስ» ብለው ይተረጉሙታል። እኔ ይህ የተገለበጠ ይመስለኛል። ወንዙን ከላይ ጀምረን ስሞቹን እንደርድራቸው፦ ግሽ ዓባይ፣ ግልገል ዓባይ፣ ጢስ ዓባይ። ግሽ ዓባይ ማለት «የዓባይ ግሽ» አይደለም፣ በግሽ ያለው ዓባይ ነው። ግልገል ዓባይም ገና ግልገል የሆነው፣ ጣና ከመግባቱ በፊት ያለው ትንሹ ዓባይ ነው፤ ግልገል ከፍየልና ከበግ በረት ተወስዶ ለወንዝ የተሰጠ ስም ነው፣ ግልገል ጊቤም እንዲሁ። በዚህ ሰልፍ ጢስ ዓባይ «ጢስ ላይ የደረሰው ዓባይ»፣ ወይም ጢሳሙ ዓባይ ይሆናል። ወንዙ በየደረጃው ስም እየጨመረ ይሄዳል ማለት ነው። በልደቱ የቦታው፣ በልጅነቱ የግልገሉ፣ በጉልምስናው የጢሱ። «ጢስ እሳት» የሚለው በመንገድ መሪዎችና በመጻሕፍት የሚዘወተረው ስም ከዚህ ሰልፍ ወጣ ይላል፤ ትንሿ ከተማም ሆነች የኤሌክትሪክ ማመንጫዎቹ የተጠሩት በጢስ ዓባይ ነው። እሳት በሌለበት እሳት መጨመር ለጎብኚ የተደረገ ቅመም እንዳይሆን እጠረጥራለሁ።

«ዓባይ» ራሱ በግእዝ «ታላቅ» ነው፣ በአንስታይ ጾታ። ወንዱ ዐቢይ፣ ሴቷ ዐባይ። «አባት» ከሚለው ጋር አያይዘው «የወንዞች አባት» የሚሉ አሉ፤ ልብ ይነካል፣ ፊደሉ ግን አይተባበርም። የዓባይ ዐይኑ «ዐ» ነው፣ የአባት አልፋው «አ»። በአጻጻፍ ሁለቱን ስናምታታ ደግሞ ሌላ አደጋ ይመጣል፤ አማርኛ «አበለ» ከሚለው ግሥ ያወጣው «አባይ» አለና፣ ትርጉሙም ውሸታም ነው። ይህን ሳስብ የሁለት አውሮፓውያን ጠብ ትዝ ይለኛል። በ17ኛው ክፍለ ዘመን ወደ ኢትዮጵያ የመጣው ፖርቱጋላዊው ኢየሱሳዊ ጀሮኒሞ ሎቦ ከሚወርደው ውሃ ጀርባ ገብቶ በዐለቱ ላይ መቀመጡን ጽፎ ነበር። በ1770 እ.ኤ.አ. ፏፏቴውን ያየው ስኮትላንዳዊው ጄምስ ብሩስ ይህ ሊሆን አይችልም ብሎ ሎቦን ውሸታም አደረገው። ዓባይ ዳር ሆኖ ሰውን አባይ ማለት! ብሩስ ቦታውን የጠራው ግን «አላታ» ብሎ ነው፤ ስሙ ዛሬም በአፄ ሱስንዮስ ዘመን በተሠራው በአላታ ድልድይ ላይ ይኖራል። ጎብኚዎች ወደ ፏፏቴው የሚያልፉትም በዚያ የድንጋይ ድልድይ ነው።

ጢሱ ዛሬ በየቀኑ አይጤስም። በ1964 እ.ኤ.አ. የመጀመሪያው የጢስ ዓባይ ማመንጫ ተሠራ፤ በ1996 ወንዙ ከጣና በሚወጣበት በጨረጨራ ውሃ መቆጣጠሪያ ግድብ ቆመ፤ በ2001 ሁለተኛው ማመንጫ ተከተለ፤ በ2010 ደግሞ የጣናን ውሃ በዋሻ ወደ በለስ የሚወስደው ማመንጫ ሥራ ጀመረ። ከገደሉ የሚወርደው ውሃ በዚሁ መጠን ቀነሰ። በበጋ የደረሰ ሰው ያየው ዐለትና ቀጭን የውሃ ክር ሆኖ «ይኸው ነው?» ሊል ይችላል። በክረምት መጨረሻ የሄደ ግን ጢሱን ያገኘዋል፤ ፀሐይ ከወጣችበትም ቀስተ ደመናውን። የኋለኛው ሁለት ስም አለው። ቀስተ ደመና የመጽሐፍ ነው፣ የደመና ቀስት፤ የማርያም መቀነት ደግሞ የእናቶች። ሁለቱም በአንድ ጢስ ላይ ይቆማሉ።

ፏፏቴውን አይተው የማያውቁ ሰዎች እንኳ ለዐሥርተ ዓመታት በኪሳቸው ይዘውት ዞረዋል። በ1976 እ.ኤ.አ. በወጣው የአንድ ብር ኖት ጀርባ ላይ ጢስ ዓባይና ወፎች ነበሩ። ሳንቲም ኖቱን እስኪተካው ድረስ የኮልፌ የታክሲ ረዳቶች በጣታቸው መካከል አጥፈው የያዙት፣ በላብ የራሰው፣ ጥጉ የተቀደደው ያ ፏፏቴ ነው።

የፏፏቴው አካባቢ በሚረጨው ውሃ የሚርስ ለምለም ነው፤ ሾላና ዋንዛ፣ በዛፎቹ ላይ ጦጣ፣ ከላይ ወፍ። እንዲህ ያለውን አየር ሊቃውንቱ የሚጠሩበት የራሳቸው ቃል አላቸው፤ እኛ ግን ከጥንት ወይና ደጋ ብለነዋል። «ወይን የሚበቅልበት ደጋ» ማለት ነው። አየሩን የለካነው በሙቀት መለኪያ ሳይሆን በተክል ነው፣ እኔም ይህ ልኬት ትክክለኛ ይመስለኛል።

በዚያ ደን የሚኖረውን አውሬ የምንጠራበት ቃል የተገለበጠ ነው። የግእዙ «አርዌ» ሲሆን አማርኛ «ር» እና «ው»ን ቦታ አለዋውጦ አውሬ አደረገው። ብዙ ቁጥሩ ግን ሳይገለበጥ ቀረ፦ አራዊት። ስለዚህ በአንድ ዓረፍተ ነገር ውስጥ «አንድ አውሬ ከአራዊት መካከል» ስንል ግእዝና አማርኛን ጎን ለጎን እያስቀመጥን ነው። «ገዳም»ም እንዲሁ ተጉዟል። በግእዝ ገዳም ሰው የማይኖርበት ምድረ በዳና ዱር ነበር፤ የዱር አራዊት «አራዊተ ገዳም» ይባሉ ነበር። መነኮሳት ወደዚያ ገቡና ቦታው ሰው የማይኖርበት መሆኑ ቀርቶ የሚጸለይበት ሆነ። ዛሬ ብዙ የአገራችን ጥድና ወይራ የቀረው በአብያተ ክርስቲያናትና በገዳማት ቅጥር መሆኑን ስናይ፣ ገዳም ወደ ቀድሞ ትርጉሙ ተመልሷል ለማለት ያስደፍራል። «ዱር» ግን ዕድሉ ጠመመ። ከእሱ «ዱርዬ» ተወለደ፣ ከሰው ሥርዓት ውጪ የሆነው የሰፈር ልጅ። አራዊቱ ከከተማ ሲሸሹ ዱሩ በስድብ መልክ ገባ።

ከኮልፌ ቀራንዮ በስተ ምዕራብ ሲመለከቱ የሚታየው የወጨጫ ተራራ ነው። ከፍታው 3,385 ሜትር፣ በጎኑ የመናገሻ ሱባ ደን አለ። ለከተማው ሰው የዱር አራዊትን ለማየት ከቅርብ ቦታዎች አንዱ ይህ ነው። ጥዱ ረጅም ነው፣ በሥሩ ድኩላ ይሄዳል፣ በላዩ ጉሬዛ ይዘላል። የሁለቱ ስም ከሰፈራችን አልፎ በዓለም ቤተ መዘክር ሁሉ ተጽፏል። ከ1831 እስከ 1834 እ.ኤ.አ. በአገራችን የቆየው የፍራንክፈርቱ ኤድዋርድ ሩፔል በ1835 እንስሳቱን ለሳይንስ ሲያስተዋውቅ የአገሬውን ስም አልጣለም። ጉሬዛ በላቲን «ኮሎበስ ጉሬዛ» ሆነ፤ የመጀመሪያው ክፍል ከግሪክኛ «ጉንድሽ» ማለት ነው፣ ይህ እንስሳ በእጁ አውራ ጣት የለውም ማለት ይቻላልና። ስለዚህ ሙሉ ስሙ «ጉንድሹ ጉሬዛ» ይሆናል። ድኩላም «ዴኩላ» ተብሎ ገባ፣ ዋልያም «ዋሊ»፣ ጭላዳም «ገላዳ»። የጭላዳው «ጭ» ወደ «ገ» መለወጡ ደራሲው የሚጽፍበት ፊደል ለእኛ «ጭ» ቦታ ስላልነበረው ሳይሆን አይቀርም። እንስሳው ላቲን ሲማር አፉን ተሰበረ ብንል ይቀላል። በሱባ ደን የሚኖረውን የድኩላ ዝርያ ደግሞ ኦስካር ኖይማን በ1902 እ.ኤ.አ. በአፄ ምኒልክ ስም «መነሊኪ» ብሎ ሰይሞታል፤ ከንጉሥ ስም ጋር በጫካ ይሮጣል።

በዚህ ሁሉ መካከል አንድ ስም አለ የማይዋጥልኝ። በባሌና በአርሲ ተራሮች የሚኖረው፣ ከኢትዮጵያ ውጭ በዓለም የትም የሌለው ደጋ አጋዘን በዛሬው አማርኛ «ኒያላ» ተብሎ ይጠራል። ቃሉ ከደቡባዊ አፍሪካ ቋንቋዎች የመጣ ነው፣ በዚያ የሚጠራውም ሌላ እንስሳ ነው። የእኛው በ1910 እ.ኤ.አ. ለሳይንስ ሲገለጽ በመልክ ስለመሰለው በእንግሊዝኛ «የተራራ ኒያላ» ተባለ፤ በኋላ የተደረገው የዘር ምርመራ ግን ዝምድናቸው ስሙ እንደሚለው ቅርብ አለመሆኑን አሳይቷል። የተሳሳተው የእንግሊዝኛ ስም ወደ እኛ ተመልሶ መጣና የኢንሹራንስ፣ የመኪና አስመጪና የሲጋራ ስም ሆነ። በአጠና ተራ የቆመ ልጅ «ኒያላ» ቢባል ሲጋራውን ወይም መኪናውን ያስባል፤ ደጋ አጋዘን ቢባል «እሱ ደግሞ ምንድን ነው?» ይላል። ጉሬዛ ባሕር ተሻግሮ ስሙን አስጻፈ። ደጋ አጋዘን ከባሌ ሳይወጣ ስሙን ተነጠቀ።